የልጃችን ላንቃ ከተሰፋ በኋላ፦ የሚያስቸኩለው፣ የሚጠበቀውና ችላ የሚባለው



ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያላቸው ወላጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «አልሐምዱሊላህ ተሰፍቷል ተብለን ቤት ገብተናል፤ ታዲያ ወተቱ ለምን እስካሁን በአፍንጫው ይወጣል?» ሁለተኛው ጥያቄ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ልጁ ሦስት አራት ዓመት ሞልቶት፣ የሚናገረውን ከእናቱ በቀር የሚረዳው ሰው ሲጠፋ። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ባለው ጊዜ ሊስተካከል የሚችል ብዙ ነገር ሳይስተካከል ያልፋል።

ስለ ከንፈር መሰንጠቅ ብዙ ተብሏል። በፊትና በኋላ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ሥራው ራሱ ይናገራል። ላንቃ ግን በፎቶ አይያዝም። የላንቃ ቀዶ ሕክምና መሳካቱ የሚታወቀው ልጁ ሲበላ፣ ሲሰማና ሲናገር ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሚመጡት ችግሮች የትኛው በሌሊት ሆስፒታል እንደሚያስሮጥ፣ የትኛው በትዕግሥት እንደሚጠበቅ፣ የትኛው ደግሞ በዝምታ እየታለፈ ልጁን እንደሚጎዳ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው፣ ወይም ሁለቱም ተሰንጥቀው ይወለዳል። ከንፈርና ላንቃ ከግራና ከቀኝ መጥተው የሚገጥሙት ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ እያለ ነው፤ አንዳንዷ እናት እርጉዝ መሆኗን እንኳ በወጉ ሳታውቅ። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም። የእናትየዋ ጥፋት፣ የጎረቤት ዓይን ወይም እርግማን አለመሆኑን ግን ደግመን እንናገራለን፤ ልጇን ደብቃ የምታሳድግ እናት አሁንም አለችና።

ላንቃ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው አጥንት ነው፤ በምላሳችን ስንነካው ይጠነክራል። የኋለኛው፣ እንጥል የተንጠለጠለበት፣ ለስላሳ ሥጋ ሲሆን በውስጡ ጡንቻዎች አሉ። ስንውጥና ስንናገር ይህ ለስላሳ ክፍል ወደ ላይና ወደ ኋላ ተነስቶ በአፍና በአፍንጫ መካከል ያለውን መተላለፊያ እንደ በር ይዘጋል። ላንቃው በተሰነጠቀ ልጅ ጡንቻዎቹ መሐል ላይ አይገናኙም፤ ሄደው ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፦ ቀዳዳውን መዝጋት፣ እንዲሁም ጡንቻዎቹን ከተጣበቁበት አላቆ መሐል ላይ ማገናኘት። ወላጅ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው በሚገባ ካልሠራ ቀዳዳው ተዘግቶም በሩ አይዘጋም።

ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ይሰፋል፤ ላንቃ ደግሞ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት በ6 ወር ላይ የተሠራላቸውን ሕፃናት በ12 ወር ላይ ከተሠራላቸው ጋር አነጻጽሯል። አምስት ዓመት ሲሞላቸው የላንቃቸው በር ለንግግር በበቂ ሁኔታ የማይዘጋው ቀድመው ከተሠራላቸው 8.9 በመቶ፣ ዘግይተው ከተሠራላቸው ደግሞ 15 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩ ባለሙያና ሙሉ መሣሪያ ባላቸው ማዕከላት፣ በጤነኛ ሕፃናት ላይ የተገኘ ውጤት ነው። ክብደቱ ያልሞላ፣ ደም ያነሰው ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ ማደንዘዣው ይከብደዋል፤ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። ሐኪሙ «ክብደት ይጨምር፣ ከዚያ አምጡት» ሲል ማባረሩ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ትንፋሽ ነው። አፉ በመሣሪያ ተከፍቶ ስለቆየ ምላሱ ሊያብጥ ይችላል። ደግሞ እስከ ትናንት ሰፊ ቀዳዳ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ግድግዳ ቆሟል፤ ልጁ በአዲስ መንገድ መተንፈስ መልመድ አለበት። አገጩ በጣም ትንሽ ሆኖ ወደ ኋላ የገባ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። ማታ ማንኮራፋቱና አፍንጫው መታፈኑ ለጥቂት ቀናት የሚጠበቅ ነው። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ነርሷን ወዲያው መጥራት ነው፤ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ መሄድ። በጎኑ ማስተኛት ይረዳል።

ሁለተኛው ደም ነው። ምራቁ ቀላ ያለ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው። አደገኛው ደም አንዳንዴ አይታይም፤ ልጁ ይውጠዋል። ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ፣ የገረጣ፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር የሚያስመልስ ልጅ እየደማ ሊሆን ይችላል። ደም ከሳምንት በኋላ፣ ቁስሉ እየዳነ ሳለም ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ስለሚሆን ከመውጣታችሁ በፊት «ቢደማ የሚቀርበን ሆስፒታል የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሕመሙ የታዘዘውን ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ በሰዓቱ ስጡት። ያመመው ልጅ አይጠጣም፤ ያልጠጣ ልጅ ደግሞ ውኃው ያልቅና ተመልሶ ሆስፒታል ይገባል። አስፕሪን ለሕፃን አይሰጥም፤ ደምም ያቀጥናል። ኮዴይን ያለበትን የሳል ወይም የሕመም ሽሮፕ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጡ፤ የልጅን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚያስደነግጠውና የማያስደነግጠው

በመጀመሪያው ሳምንት አፉን ከፍታችሁ ብታዩ ስፌቱ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ታያላችሁ። አፉም ይሸታል። ብዙ ወላጅ «መግሏል» ብሎ የሚደነግጠው፣ አንዳንዱም በጨርቅ ሊጠርገው የሚሞክረው ይህን ነው። መግል አይደለም፤ ቁስል አፍ ውስጥ ሲድን የሚለብሰው ሽፋን ነው። አትንኩት። ሐኪሙ ላንቃውን ወደ መሐል ለማምጣት በግራና በቀኝ፣ በጥርሱ ሥር በኩል፣ ክፍት ትቶት የሚወጣ ቦታም ሊኖር ይችላል። እሱም በሁለት ሦስት ሳምንት ራሱ ይሞላል። ክሩ የሚሟሟ ስለሆነ አይወጣም። ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ልጁ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ካልሸና ወይም ሲያለቅስ እንባ ካጣ ግን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ምግቡ ለሁለት ሦስት ሳምንት ቀጭን ነው፤ ወተት፣ አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ፍራፍሬ። ሁሉም ለብ ያለ ወይም የቀዘቀዘ ይሁን። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ትንሽ ንጹሕ ውኃ አጠጡት፤ ስፌቱን የሚያጥበው እሱ ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብስኩት፣ ጠጣር ገንፎ አይሆንም። ስትሮና ረጅም ማንኪያ አፉ ውስጥ አይግባ፤ ማንኪያው ከከንፈሩ አይለፍ። ጡትና ጡጦን በተመለከተ የሐኪሞች ልማድ ይለያያል፤ አንዳንዱ ወዲያው ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ለጊዜው በሲኒ ይበል ይላል። ልጁን የሠራው ሐኪም የሚለውን ተከተሉ። እጁንና አሻንጉሊቱን ወደ አፉ እንዳይወስድም ተጠንቀቁ። በተለይ እርሳስ መሰል ነገር ይዞ የሚሮጥ ታላቅ ወንድም ያለበት ቤት ያስፈራናል።

ዘመድ አዝማድ ሊጠይቅ ሲመጣ ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። ቅቤ ይዋጥ፣ ማር ይቀባ፣ አብሽ ይታሽ። እነዚህን በትሕትና አሳልፉ። አንዱን ግን በጽኑ እንድትከለክሉ እንለምናችኋለን፦ እንጥል ማስቆረጥ። በሀገራችን ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት እምቢ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ መቁረጥ የቆየ ጎጂ ልማድ ነው። ደም መፍሰስና መመረዝ በማንኛውም ልጅ ላይ ያመጣል። ላንቃው በተሰፋ ልጅ ላይ ደግሞ ያንኑ በሐኪም እጅ በስንት ድካም የተገጠመውን ለስላሳ ክፍል መቁረጥ ነው።

ቀዳዳው ተመልሶ ሲከፈት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ በአፍንጫ መውጣቱ ብቻውን ስፌቱ ተከፈተ ማለት አይደለም። ያበጠው ለስላሳ ላንቃ ገና በደንብ አይንቀሳቀስም፤ እብጠቱ ሲቀንስ ፈሳሹም ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ከፊት፣ ከላይኛው ድድ ላይ ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ ለኋላ የሚተው ስለሆነ በዚያ በኩል ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ «ያልተዘጋ የተተወ ቦታ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ወጥተው ዓመት ሙሉ የሚጨነቁ ቤተሰቦች አሉ።

በእውነት ሲከፈትም ይኖራል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰቡ ግምገማዎች በአማካይ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ቀዳዳ እንደሚቀር ያሳያሉ። ስንጥቁ ሰፊ ሲሆንና ልጁ በምግብ ሲጎዳ አደጋው ከፍ ይላል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚታየው ጠንካራውና ለስላሳው ላንቃ በሚገናኙበት ቦታ ወይም ወደ ፊት ነው። ምክንያቱ ሥጋው ተወጥሮ መሰፋቱ፣ ደም በደንብ አለመድረሱ፣ ከሥሩ ደም መቋጠሩ፣ ኢንፌክሽን ወይም ጠጣር ነገር መውጋቱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የማንም ቸልተኝነት ውጤት አይደለም።

እዚህ ላይ ወላጆችን የሚያናድድ ነገር አለ፤ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ይላል። ወላጅ ነገ ይሰፋልኝ ይላል። መጠበቁ ግን ትክክል ነው። አዲስ ቁስል ላይ መልሶ መስፋት እርጥብ ወረቀት እንደ መስፋት ነው፤ ይቀደዳል። ሥጋው እስኪለሰልስና የደም ዝውውሩ እስኪመለስ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። በመሐሉ ትንሽ ቀዳዳ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። ምንም ምግብ የማያሳልፍና ንግግርን የማይረብሽ ከሆነ ላይሰፋም ይችላል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ ጠባሳ ላይ ስለሚሠራ እንደገና የመከፈት ዕድሉም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ሐኪም የማይቸኩለው።

ድምፁን ማን ይሰማል?

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ይህ ነው። ቀዳዳው ተዘግቶ፣ ወተቱ ቆሞ፣ ቤተሰቡ አመስግኖ ተመልሶ፣ ልጁ መናገር ሲጀምር ግን ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል። ጡንቻው አጭር ስለሆነ ወይም በቂ ጉልበት ስለሌለው በሩ አይዘጋም። በበርካታ ጥናቶች ከአምስት ልጆች አንዱ፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የሆኑት ላንቃቸው ከተሰፋ በኋላ ለንግግራቸው ሲሉ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

በአማርኛ ይህን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። «መ» እና «ነ» በተፈጥሯቸው በአፍንጫ የሚወጡ ስለሆኑ ችግሩን አያሳዩም። እነርሱ የሌሉበትን ዓረፍተ ነገር አስብሉት፤ «አባባ ዳቦ በላ»። በሩ የማይዘጋለት ልጅ «አማማ ናሞ መላ» ወደሚል ይጠጋበታል። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ይዛችሁ ይህንኑ ሲል መስታወቱ ጉም ከለበሰ አየር እያመለጠ ነው። ሌላው ምልክት «ከ»፣ «ተ» እና «ቀ»ን ከአፉ ማውጣት ሲያቅተው ከጉሮሮው ሥር ቆረጥ አድርጎ ማውጣቱ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ሲል አፍንጫው የሚያሾልክ ከሆነም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የመድረሳ ኡስታዞቻችንን እናስታውሳለን። ልጅን አንድ አንድ ፊደል አስብሎ፣ መኽረጁን ጠብቆ የሚሰማው ሰው ኡስታዙ ነው። በተጅዊድ ከአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ፣ ጉንና፣ የኑንና የሚም መሆኑን እሱ ያውቃል። ባው፣ ዳሉ፣ ሲኑ ሁሉ ጉንና የሆነበት፣ «ቢስሚላህ»ን «ሚስሚላህ» የሚል ልጅ ሲገጥመው ሰነፍ ወይም ቀልደኛ ነው ብሎ ከመቅጣት ወይም ከኋላ ከማስቀመጥ በፊት ወላጁን ቢጠራና «ላንቃው ተሠርቶለት ያውቃል?» ቢል ለልጁ ትልቅ ውለታ ይውልለታል። ልጁ ፊደሉን አላወቀም ማለት አይደለም፤ አየሩ አፉ ውስጥ አልቆይ ብሎት ነው። ሲሳቁበት ዝም ማለት ይለምዳል፤ ከዚያ ቁርኣን ቤትም ትምህርት ቤትም መሄድ ያስጠላዋል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚደባለቁትም እዚህ ላይ ነው። የንግግር ሕክምና ልጁ የለመደውን የተሳሳተ አወጣጥ ያርማል፤ ለምሳሌ «ከ»ን ከጉሮሮ ማውጣቱን። በሩ አጭር ከሆነ ግን ልምምድ አያስረዝመውም። ያኔ ላንቃውን እንደገና መሥራት፣ ወይም ከጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ሥጋ ወስዶ በሩን ማጥበብ ያስፈልጋል። ይህኛው ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው፤ በሩ ከልክ በላይ ከጠበበ ልጁ በእንቅልፉ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ፊኛ ማስነፋት፣ ፊሽካ ማስነፋት፣ ሻማ ማጥፋት ይመከራል፤ ብዙ ቤተሰብም ወራት ያጠፋበታል። ንግግርን ግን አያሻሽልም፤ መንፋትና መናገር ለላንቃው የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና። አድኖይድ ማስወጣትም ያለ ላንቃ ሐኪሙ ምክር አይደረግ። አንዳንዴ አጭሩ ላንቃ ተደግፎ የሚዘጋው በዚያ ሥጋ ስለሆነ፣ ሥጋው ሲወጣ ድምፁ ይባስ ወደ አፍንጫ ይሄዳል።

በሀገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ነው ያሉት። እንደ የካቲት 12 ሆስፒታል ያሉ ተቋማት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በተመሠረተው ስማይል ትሬይን የመሰሉ ድርጅቶች ድጋፍ ታክሎበት፣ ለብዙ ሕፃናት ቀዶ ሕክምናውን በነጻ ሰጥተዋል። ለቀዶ ሕክምናው የሚመጣ ቤተሰብ ለንግግሩ ግን አይመለስም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የትራንስፖርቱ ገንዘብ አለ፣ እርሻው አለ፣ ሌሎች ልጆች አሉ። ይህን ስንል ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። ዘመድና ጀመዓ ለቀዶ ሕክምና ብር ሲያዋጣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀጠሮ የሚሆን የመሳፈሪያ ብር አብሮ ቢያስብ ግን ገንዘቡ ቁም ነገር ላይ ዋለ እንላለን።

ጆሮና ጥርስ

ላንቃን የሚያነሳው ጡንቻ ጎረቤት የሆነው ሌላ ጡንቻ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ቱቦ ይከፍታል። ላንቃው በተሰነጠቀ ልጅ እሱም በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ይህ ከእነዚህ ሕፃናት በአብዛኞቹ ላይ የሚታይ ነው፣ ላንቃው ከተሰፋ በኋላም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሕመም ላይኖረው ይችላል። ልጁ ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው ነው የሚሰማው፤ በደንብ ያልሰማውን ቃል ደግሞ በደንብ ሊናገረው አይችልም። ሲጠሩት የማይዞር፣ ቴሌቪዥን ከፍ የሚያደርግ ወይም ጆሮው የሚመግል ከሆነ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። አስፈላጊ ሲሆን ፈሳሹ ይወጣና ትንሽ ቱቦ ይደረግለታል። ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ጆሮው ውስጥ አትጨምሩ።

የጥርሱ ጉዳይ ረጅም ነው፤ እዚህ በአጭሩ እናልፈዋለን። የላንቃው ጠባሳ የላይኛው መንጋጋ እንዳያድግ ሊይዘው ስለሚችል የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ድዱም የተሰነጠቀ ከሆነ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የውሻ ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል። ያ ዕድሜ ካለፈ ሥራው ይከብዳል።

ከሆስፒታል ስትወጡ የተሠራው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንደቀረ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ልጁ መናገር ከጀመረ በኋላ ደግሞ በየስድስት ወሩ «አባባ ዳቦ በላ» እያላችሁ ድምፁን በስልክ ቅዱ፤ ቀኑንም አስቀምጡ። ሐኪም ፊት የቀረበ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ የቀዳችሁትን ታሰማላችሁ።